ባለቤት የሌላት መርከብ

በወደቡ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ከበር ጠባቂው እስከ ክሬን ነጂው ሁሉም «አስታራቂ» ነበር የሚላት። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ሠፈሩ ነው። ድሮ የወደቡ ኩባንያ ለከባድ መኪኖቹ በሠፈሩ መሀል መንገድ ሊቀድ ሲል፣ ሰዉም ድንጋይ ይዞ ሲወጣ፣ እሷ መሀል ገብታ መንገዱ በመጋዘኖቹ ጀርባ እንዲዞር፣ ሰዉም ድንጋዩን ጥሎ ወደየቤቱ እንዲገባ አደረገች። ኩባንያው ብልጥ ነውና «ይቺን ሴት ከውጭ ከምናቆያት ከውስጥ ብትሆን ይሻላል» ብሎ የማኅበረሰብ ጉዳይ ክፍል የሚባል ቢሮ ከፈተና ቁልፉን ለእሷ ሰጣት።

ሥራውን ወደደችው። ክፍሉ ለትምህርት ቤቱ ዴስክ ይገዛል፤ ለጤና ጣቢያው ጄኔሬተር ይሰጣል፤ በዓመት አንድ ቀን የቢሮ ሰዎች ክራቫታቸውን አውልቀው የመዋዕለ ሕፃናቱን አጥር ቀለም ይቀባሉ። ሁሉም ፎቶ ይነሣል። አንዳንዱ «ቀለሙ ሳይደርቅ ፎቶው ይደርሳል» እያለ ሲያሾፍባት፣ «ፎቶው ለእነሱ፣ ዴስኩ ለልጆቹ፤ አንተን ምን ቸገረህ?» ትለው ነበር።

ባሏ የጎታች ጀልባ ካፒቴን ነው። ሕንፃ የሚያካክሉትን መርከቦች በገመድ እየሳበ፣ በጀልባው አፍንጫ እየገፋ ወደ መቆሚያቸው ያስገባል። «እኔ ብረት እጎትታለሁ፣ እሷ ሰው ትጎትታለች፤ የኔ ይቀላል» ይላል። ጀልባው ላይ ገመድ የሚወረውርለትና የሚያስርለት ሰው ጎረቤታቸው ነው፤ ሁሉም «ገመዴ» ይሉታል። ሁለቱ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ አብረው ስለሠሩ አንዱ ሳይናገር ሌላው ይሰማዋል።

ነገሩ የጀመረው ሲሚንቶ ጭና በመጣች አንዲት አሮጌ መርከብ ነው። ጭነቷን አራግፋ በማግስቱ መሄድ ሲገባት ሳትሄድ ቀረች። ባንዲራዋ የአንድ አገር፣ ኩባንያዋ የተመዘገበው በሌላ አገር፣ ባለቤቷ ስልክ የሚያነሣው ደግሞ ከሦስተኛ አገር ነበር። አንድ ቀን ሰውየው ስልክ ማንሣቱን ተወና የውሃ ሽታ ሆነ። ካፒቴኗም «አመመኝ» ብሎ በራሱ ቲኬት ወደ አገሩ በረረ። ዘጠኝ መርከበኞች ቀሩ። ሰው የሌለበት መርከብ ወደብ ውስጥ አይቆምም የሚል ሕግ ስላለ ጥለዋት መሄድ አይችሉም፤ ፓስፖርታቸውም በወደቡ ባለሥልጣን እጅ ነው። ደመወዝ የለ፣ ነዳጅ የለ፣ ጠያቂ የለ። የብስ አንድ እርምጃ ቀርቷቸው እስረኛ ሆኑ።

አስታራቂ ይህን ስትሰማ እጇን አጣምራ የምትቀመጥ ሰው አይደለችም። ውሃውን በቦቴ፣ ዳቦውንና ሽንኩርቱን በጆንያ አድርጋ ከመርከቧ መሰላል ሥር ማድረስ ጀመረች። ፀጉር አስተካካይ ወሰደችላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ በባዶው የኮንቴይነር ሜዳ ላይ ከክሬን ነጂዎች ጋር ኳስ እንዲጫወቱ አስፈቀደች። ኩባንያውም «እንግዶቻችን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ትልቅ ፎቶ አሠርቶ በዋናው መግቢያ ግድግዳ ላይ ሰቀለ። በፎቶው ላይ ሁሉም ይስቃሉ፤ በዚያን ጊዜ እውነትም ይስቁ ነበር።

የሰዎቹ አለቃ ሆነው የቀሩት ዋናው መካኒክ ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በባሕር ላይ ስለጨረሱ የየወደቡን ቋንቋ ለቃቅመዋል። የእሷንም ቋንቋ አሳምረው ያውቃሉ፤ ብቻ ስድቡን ከሰላምታው አስቀድመው ስለተማሩ፣ አንዳንዴ ሳያስቡት የሚያስደነግጥ ቃል ያመልጣቸዋል። «ልጄ» ይሏታል፣ «አባባ» ትላቸዋለች። አንድ ጊዜ የእናቷ የልብስ ስፌት መኪና ተበላሽቶ ለእሳቸው ብትወስደው፣ በሁለተኛው ቀን ከአዲስ የተሻለ አድርገው መለሱላት። እናቷ ሞክረው ሞክረው ሲያበቁ፣ «እንዲህ ያለ ሰው በሰው አገር ወደብ ላይ ሜዳ የሚጣል ነው? ባለቤቱን እግዜር ይይለት» አሉ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ አስታራቂን ቢሮው ጠራት። ወንበር ሳበላት፤ ውሃ ቀዳላት።

«ደስ የሚል ዜና አለ» አለ። «አንድ ትልቅ የመርከብ ድርጅት በየሳምንቱ ወደ እኛ ሊመላለስ ነው። ከላኪውም ከአስመጪውም ጋር ውሉ አልቋል። ለሠፈሩ ልጆች ስንት የሥራ ቦታ እንደሚከፈት አስቢው።»

«እሰየው» አለች።

«ብቻ መቆሚያ ያስፈልገናል። ያቺ መርከብ ወደ ውጭው ባሕር ወጥታ መልሕቋን ጥላ ትጠብቅ። የመርከቧን ጉዳይ የያዘው ፍርድ ቤት ፈቅዷል። ሰዎቹ ግን ገመድ አንፈታም ብለዋል።»

«እውነታቸውን ነው። እዚያ ከወጡ ማን ያያቸዋል?»

«እኛ ነና! ውሃና ምግብ በየሳምንቱ በጀልባ ይሄድላቸዋል። ፍርዱም ቢበዛ በወር ውስጥ ያልቃል፤ ወደየአገራቸው ይሸኛሉ። ፖሊስ ይዤ ልወጣባቸው እችል ነበር፣ ግን እንግዶቻችን ናቸው። አንቺን ያምኑሻል።»

«ይሄ የሚሉኝ ነገር እርግጠኛ ነው?»

«ቃሌን ሰጥቼሻለሁ» አለና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

ቤት ስትገባ ለባሏ ነገረችው። ባሏ ጫማውን እየፈታ ነበር፤ አንዱን ፈትቶ ሌላውን ሳይፈታ ቀረ።

«ውጭው ባሕር ላይ?» አላት። «ክረምቱ ሊገባ? የመልሕቋን ሰንሰለት አይተሽዋል? ዝገት በልቶታል እኮ።»

«ለወር ነው።»

«ማን አለ?»

«ቃል ገብቶልኛል።»

«ለአንቺ ቃል ቢገባ ምን ይጎድልበታል? ቃሉን የሚጎትትለት እኔ ነኝ፤ የምታደርሺለት ደግሞ አንቺ።»

«አንተ መቼም ጥሩ ነገር አይታይህም!» ብላ ተቆጣች። እናቷ ከጓዳ ሆነው ሁሉን ይሰሙ ኖሯል። «የእባብ ጉድጓድ በሞኝ ክንድ ይለካል» አሉ፤ ለማን እንዳሉት ግን አልተናገሩም። አስታራቂ ያን ዕለት እራቷን ሳትበላ ተኛች።

በማግስቱ ወደ መርከቧ ወጣች። ዘጠኙም ምግብ ቤታቸው ውስጥ ጠረጴዛውን ከበው ጠበቋት። ሥራ አስኪያጁ ያላትን ሁሉ ነገረቻቸው። አንዳንዶቹ ተንጫጩ፤ ወጥ ቤቱ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ወጣ። ሽማግሌው መካኒክ ግን ዐይኗን ዐይኗን ያዩዋት ጀመር። በመጨረሻ፣

«ልጄ» አሉ፣ «ይሄን የምትዪው አንቺ ነሽ ወይስ እነሱ ናቸው?»

እዚህ ላይ «እነሱ ናቸው» ብትል ኖሮ ሰዎቹ ገመዱን አይፈቱም ነበር። ይህን ታውቃለች። ፖሊስ መሰላሉን ሲወጣ፣ ሲደባደቡ፣ ሲታሰሩ ታያት። 

«እኔ ነኝ» አለች።

«እንግዲያው ይሁን» አሉ ሽማግሌው፤ ተነሥተውም ቆባቸውን አጠለቁ።

መርከቧን የጎተታት ባሏ ነው። ገመዴ ገመዱን አሰረ፤ ጀልባው አጓራ፤ መርከቧም ቀስ እያለች ከመቆሚያው ተላቀቀች። ሰዎቹ ከመርከቧ ጀርባ ቆመው ለአስታራቂ እጃቸውን አውለበለቡላት። እሷም እጇ እስኪዝል አውለበለበች።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ እንደተባለው ሆነ። በሳምንቱ ጀልባ ሄደ። በሌላውም ሳምንት ሄደ። ከዚያ አዲሱ የመርከብ ድርጅት ሊመጣ ደረሰና ወደቡ በአንድ እግሩ ቆመ። ውሃ የምታደርሰው ጀልባ ለባሕሩ ጥልቀት መለኪያ ተፈለገች። ቀጥሎ ነዳጅ በሌላ ክፍል ስም ነው የሚወጣው ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ጋ ስትሄድ ስብሰባ ላይ ነው፤ ስትደውል መንገድ ላይ ነው። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ስትይዘው፣ «ፍርዱ ትንሽ ተጓቷል፤ አንቺ አሁን በመቀበያው በዓል ላይ አተኩሪ» ብሏት አለፈ። ልጆቹ የሚይዙትን ትንንሽ ባንዲራ እያስቆረጠች በመስኮት ስታይ፣ መርከቧ ከሩቅ፣ ሰማይና ባሕር ከሚገናኙበት አጠገብ ነጥብ አክላ ትታያለች። መስኮቱን መጋረጃ ጋረደችው። ቆይታ መልሳ ከፈተችው።

አንድ ማታ እራት ላይ ባሏ፣ «ዛሬ በሬዲዮ ሽማግሌውን ሰማኋቸው» አላት። «ውሃ ጠየቁ። የወደቡ መቆጣጠሪያ ማማ ላይ ያሉት ተራችሁን ጠብቁ አሏቸው። ከዚያ እኔን ‹ልጄ ታማለች እንዴ?› ብለው ጠየቁኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«ምን ልበል? ደህና ናት አልኳቸው።»

ጉርሻውን መልሳ ትሪው ላይ አኖረችው።

በማግስቱ ከቢሮ ፈቃድ ሳትጠይቅ አንድ አሣ አጥማጅ ለምና፣ በጀሪካን ውሃ፣ ዳቦና ምስር ጭና ወጣች። ሞገዱ ጀልባዋን እንደ ወንፊት አንገዋለላት። ስትደርስ ሰዎቹ ፂማቸው አድጎ፣ ፊታቸው ጠቁሮ፣ የዝናብ ውሃ በሸራ ሲያጠራቅሙ አገኘቻቸው። የሰደባት የለም። ቢሰድቧት ይቀላት ነበር። ወጥ ቤቱ ዳቦውን ተቀብሎ ሳያያት ገባ።

ሽማግሌው ለብቻዋ ወደ ዳር ወሰዷት።

«አባባ፣ ዋሽቼዎታለሁ» አለች። «ሳላውቅ ነው፤ ግን ዋሽቻለሁ።»

«አውቃለሁ። ተይው እሱን፤ ጊዜ የለንም።» እጃቸውን ወደ ምድሩ ዘረጉ። ከወደቡ ግራ ረጅም የአሸዋ ዳርቻ አለ። «እስከ ዛሬ ነፋሱ ከምድር ወደ ባሕር ነው የሚነፍሰው። ሰሞኑን ይዞራል። ሲዞር መልሕቁን እንፈታዋለን። መርከቧ እዚያ አሸዋ ላይ ትቀመጣለች። መርከብ ከሌለ የሚጠበቅ የለም፤ ያኔ በግዳቸው ያወርዱናል፤ በግዳቸው አገራችን ይሰዱናል።»

«ብትገለበጥስ? ሰው ቢሞትስ?»

«ባዶ መርከብ ናት፤ አሸዋው ለስላሳ ነው። እዚህ ብንቆይም ሰንሰለቱ በራሱ ቀን ይበጠሳል፤ ያኔ የሚጥለን ድንጋዩ ላይ ነው። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያን ቀን የሚያነሣን ሰው በቅርብ ይኑር። ባልሽ ጎበዝ ነው። ለእሱ ብቻ ንገሪው፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማ።»

«እሺ» አለች።

ግን አልነገረችውም። መንገዱን በሙሉ፣ ቤትም ገብታ፣ ስታወጣ ስታወርድ ዋለች። ቢያውቅና ቢያሳውቅ ሰዎቹ ያልቅላቸዋል። ቢያውቅና ዝም ቢል ደግሞ ነገሩ የተጋለጠ ቀን ፈቃዱን ይነጠቃል፣ እስር ቤትም አይቀርለት። ካላወቀ ግን የሚጠየቅበት ነገር የለም። ለሁሉም የሚበጀው ይሄ ነው ብላ ወሰነች። ሥራዋም ዕድሜ ልኳን ይሄው ነበር፤ ለሁሉም የሚበጀውን እሷ መርጣ ለየሰዉ የሚበቃውን ያህል ብቻ መንገር። ለባሏ፣ «ነፋሱ ሊዞር ነው ይላሉ፤ ሰሞኑን ከጀልባህ አትራቅ» አለችው። እሱም ሳቀ፤ «ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ ነፋስ የምታውቂው?» አላት።

ነፋሱ የዞረው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። መጀመሪያ የቢሮው መስኮት ተንኳኳ፤ ከዚያ በሜዳው ላይ ላስቲኩ፣ ካርቶኑ ይበር ጀመር። ክሬኖቹ ሥራ አቆሙ። አስታራቂ ወደ ወደቡ ጫፍ ሮጠች። ነጥብ ታክል የነበረችው መርከብ እየጎላች፣ እየጎላች ወደ አሸዋው ስትመጣ አየች። የባሏም ጀልባ ከወደቡ አፍ ወጥቶ በሞገዱ ላይ እየዘለለ ወደ መርከቧ ይሮጣል። «ተመስገን፣ ደረሰላቸው» አለች በሆዷ።

የሆነውን በሙሉ ያወቀችው ኋላ ነው። ባሏ የመርከቧ መልሕቅ የተበጠሰ ነው የመሰለው። መርከብ ወደ አሸዋ ስትነዳ ካየ ካፒቴን የሚጠበቀውን አደረገ፤ ሊያድናት ሮጠ። ሽማግሌው በሬዲዮ «ገመድ አትጣል! ተወን! ጎናችን ቁም ብቻ!» እያሉ ጮኹ። እሱ ግን ድንጋጤ አእምሯቸውን ያናወጣቸው መሰለው። «በርቱ፣ መጣሁ!» አላቸው። ገመዴ ገመዱን ወርውሮ የመርከቧ አፍንጫ ላይ አያያዘው። ጀልባው በሙሉ ጉልበቱ ወደ ባሕር ጎተተ፤ ነፋሱ መርከቧን ወደ ምድር ገፋ፤ ገመዱ ተወጠረ፣ ተወጠረ፣ እንደ ጥይት ጮኾ ተበጠሰ። የተበጠሰው ጫፍ ተመልሶ መጥቶ ገመዴን መታው። ቀኝ እጁን ከክርኑ በታች ጨፈለቀው።

መርከቧ አሸዋው ላይ ቀስ ብላ፣ እንደደከማት ላም ጎኗን ሰጥታ ተቀመጠች። ዘጠኙም አንድ ጭረት ሳይነካቸው ወረዱ። ብርድ ልብስ ተከናንበው ዳርቻው ላይ ቆመው፣ ጀልባው ላይ ደም በደም የሆነውን ሰው ሰዎች ሲያወርዱ ያያሉ። ሽማግሌው አስታራቂን በሕዝቡ መሀል ፈልገው አገኟት። ግንባራቸውን ቋጥረው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥያቄው ገባት፤ ለባልሽ አልነገርሽውም ወይ ነው። አንገቷን ደፋች።

ሐኪሞቹ የገመዴን እጅ ማትረፍ አልቻሉም።

በሆስፒታሉ ኮሪደር ባሏ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ ብሎ ነበር። ልብሱ ገና አልደረቀም። «ያ ሽማግሌ አብዷል» ይላል፤ ከዚህ በፊት እሳቸውን አንተ ብሎ አያውቅም። «ገመድ አትጣል ይለኛል። መርከቧ እየጠፋች ገመድ አትጣል! ምን ነካው?»

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። አጠገቡ ተቀመጠች።

«አላበዱም» አለች። «ሆን ብለው ነው መልሕቁን የፈቱት። ነግረውኝ ነበር። ለአንተም እንድነግርህ ልከውኝ ነበር።»

ዞሮ አያት። መጀመሪያ ያልገባው መሰለ።

«አንተ እንዳትጠየቅበት ብዬ ነው።»

«ብትነግሪኝ ኖሮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ገመድ አልጥልም ነበር። ጎናቸው ቆሜ ሰዎቹን አነሣ ነበር። ገመዴም እጁ ይኖረው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ከዚያ በኋላ አልጮኸባትም፣ አልሰደባትም። ተነሥቶ ሄደ። ያን ዕለትና ከዚያም በኋላ ጀልባው ላይ አደረ። እናቷ ልብሱን አጥበው ላኩለት፤ ልብሱን ተቀበለ፣ ወደ ቤት ግን አልመጣም።

መርከበኞቹ እንዳሉት ሆነ። መርከቧ ስትጠፋ ፍርድ ቤቱም፣ ኢንሹራንሱም፣ ኤምባሲዎቹም በአንድ ጊዜ ከእንቅልፋቸው ነቁ። ፓስፖርታቸው ወጣ፤ ቲኬታቸው ተቆረጠ። ሥራ አስኪያጁ አስታራቂን ጠርቶ፣ «መርከቧ ላይ ሄደሽ እንደነበር ሰምቻለሁ፤ ያሰቡትን ነግረውሽ ነበር?» አላት። «ውሃ የለንም ነው ያሉኝ» አለች፤ ይሄም ውሸት አልነበረም። እሱም ወሬውን ለውጦ፣ «ለገመዴ አንድ ነገር ማድረግ አለብን» አለ። «ጀግና ነው። በአዲሱ መርከብ መቀበያ ላይ መድረክ እናወጣዋለን፤ ትንሽ ሱቅ እንከፍትለታለን። አዘጋጂው፤ ፎቶ አንሺው ይምጣ።»

ከቢሮው ወጥታ በቀጥታ ገመዴ ጋ ሄደች። አልጋው ላይ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ሚስቱ ውሃ ልታመጣ ወጣ እንዳለች፣ ሁሉንም፣ ለባሏ የነገረችውን በሙሉ፣ ነገረችው። ገመዴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ሰዎቹ አገራቸው ገቡ?» አላት።

«ስድስቱ ገብተዋል። ሦስቱ ከነገ ወዲያ ይበራሉ።»

«ሽማግሌውስ?»

«እሳቸው ከመጨረሻዎቹ ናቸው። ሊያዩህ ይፈልጋሉ፣ ፈርተው ነው።»

«ይምጡ» አለ። ቀጥሎ፣ «አንቺ ግን እዚህ አትምጪ፣ እታለም። ክፉ ሰው ሆነሽ አይደለም። ገና ሳይሽ እጄን ያመኛል፤ የሌለው እጄን። ለሚስቴም አትንገሪያት፤ እሷ እንደኔ አትችለውም» አላት።

በማግስቱ ወደ ሥራ አስኪያጁ ተመለሰች። ዛሬ ወንበር አልሳበላትም፤ ራሷ ስባ ተቀመጠች። ገመዴ መድረክ አይወጣም፤ ሱቅም አይፈልግም አለች። ጀልባው ላይ ያገኝ የነበረው ደመወዝ ዕድሜውን ሙሉ እንዲከፈለው፣ በሕግ ፊት በውል እንዲጻፍለት ጠየቀች። ሥራ አስኪያጁ «በጀት…» ብሎ ሲጀምር፣ «መርከበኞቹ በየአገራቸው የሚጠይቃቸው ጋዜጠኛ ብዙ ነው» አለች። «በየሳምንቱ ውሃ ይሄዳል ብሎ ቃል የገባላቸው ማን እንደሆነ ሲጠየቁ የእኔን ስም ነው የሚሰጡት። እኔ ደግሞ የእርስዎን።» ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ሲያገላብጥ ቆይቶ ፈረመ። እሷም በዚያው ዕለት ሥራዋን ለቀቀች። አዲሱ መርከብ ሲገባ ልጆቹ ባንዲራውን ማውለብለባቸውን ከሰው ሰማች እንጂ አላየችም።

ሽማግሌው ከመብረራቸው በፊት ገመዴን ጠይቀው፣ ወደ እሷም ቤት መጡ። እናቷ ስለ ልጃቸው ይቅርታ ሊለምኑ እግራቸው ላይ ለመውደቅ ምንም አልቀራቸውም። ሽማግሌው ግን ብዙም አልተቀመጡም፤ አስታራቂን አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቋት፣ «ለምን አልነገርሽውም?»

«ይሻላል ብዬ፣ አባባ።»

«እኔም መርከቧን አሸዋ ላይ ሳወጣ ይሻላል ብዬ ነው» አሉ፤ ቆባቸውን አነሡ። «ዘጠኝ ሰው አገሩ ይገባል። ያንን ልጅ ሳየው ግን መቁጠሩ ይጠፋኛል።»

ባሏ ወደ ቤት የተመለሰው ክረምቱ ሲያባራ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልክ ከሥራ እንደመጣ ሰው ገብቶ ጫማውን ፈታ። እናቷ ምግብ አቀረቡ። በላ። እሷ ከፊት ለፊቱ ተቀምጣ ምንም አላለችም፤ ድሮ ቢሆን ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠይቃ፣ ሦስት ጊዜ ምክንያት ደርድራ ነበር።

ሲጨርስ እጁን ታጥቦ፣ «ነገ ገመዴን ሐኪም ጋ አደርሰዋለሁ» አላት። «ከወደቡ መኪና ለምኛለሁ። ሚስቱ ሥራ አላት፤ የሚደግፈው ሰው ያስፈልጋል።»

«አትምጪ ብሎኛል እኮ።»

«አውቃለሁ። ዛሬ ጠየቅሁት። ‹ከኋላ ትቀመጥ፣ አታናግረኝ› አለ።»

«አንተስ?»

 ፎጣውን አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አኖረው፤ ደግሞ አንሥቶ እንደገና አጣጠፈው።

«እኔ ገና አላውቅም» አለ። «ጠዋት በጊዜ ተነሺ።»